ቤብ፣ ሆዴ፣ አንቱ

ባለፈው የገና ዝግጅታችን ላይ በተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ስምንት ሰዎች ነበርን። ከእኛ ጥቂት ዓመት ቀደም ብለው የተመረቁ ባልና ሚስት ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ዶሮው ገና ሳይቀርብ ጨዋታው ሁሉ «ቤቢ» ሆነ። «ቤቢ፣ ውሃ ላምጣልሽ?» «አይ ቤቢ፣ አንተ ተቀመጥ።» «ቤቢ፣ ያን ፎቶ አሳያቸው እስቲ።» አጠገቤ ያለችው ጓደኛዬ በጠረጴዛው ሥር እጄን እየቆነጠጠች ትቆጥራለች። አስራ አራት ላይ ስትደርስ ሳቃችንን መያዝ አቅቶን ቡና እናምጣ ብለን ተነሳን።

ቡናው ጋ ለካ ከሌላ ጠረጴዛ የሰሙም ነበሩ። ወሬው ወዲያው ክርክር ሆነ። አንዱ «ይሄ የእኛ ባህል አይደለም፤ የፈረንጅ ኮተት ነው» አለ። ሌላዋ «ይልቅ ቅናታችሁን ዋጡ» አለችው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ «እኔ እንኳ ሰው አፉን ከፍቶ ማስቲካ ሲያኝክ ከመስማት አይለይብኝም» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

እኔም ስቄያለሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ትንሽ ቆረቆረኝ። የኔም ባል «ቤብ» ነው የሚለኝ። እኔም ብቻዬን ሳለሁ እንኳ «ቤብ» ሲለኝ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ለምን እንደሚከነክነኝ ለማወቅ ነው ይሄን የምጽፈው።

«ባህላችን አይደለም» ከሚለው ልጀምር፤ እንደዚያ የሚሉ ሰዎች አማርኛን ጠጋ ብለው ያዳመጡት አይመስለኝም። ቋንቋችን በቁልምጫ የተሞላ ነው። አበበ አቤ፣ ትዕግስት ትጉ፣ ሰላማዊት ሰሊ ካልተባሉ ሰው የጠራቸው አይመስላቸውም። ያም አልበቃ ብሎ ጫፉ ላይ «ዬ» ይቀጠልበታል። ፍቅር ሲገባበትማ ቆጥራችሁ አትጨርሱትም፤ ሆዴ፣ ውዴ፣ ማሬ፣ ወለላዬ፣ ዓይኔ፣ አካሌ፣ ዓለሜ፣ የኔ ጌታ፣ እናትዬ፣ አባትዬ። ከዘፈኖቻችን እነዚህን ቃላት አውጡና ምን እንደሚተርፍ ተመልከቱ፤ ከበሮው ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከዊስኮንሲን የመጣች ልጅ ጋር ዶርም እጋራ ነበር። አንድ ቀን የከፈትኩትን ዘፈን «ምን እያለ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰውዬው ፍቅረኛውን «ሆዴ» እያለ፣ ቀጥሎም «እናቴ» እያለ ይለምናታል። ተረጎምኩላት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሆዱንም እናቱንም ነው የሚያፈቅረው ማለት ነው? አለችኝ። እኔም ተቀይሜ ማስረዳት ጀመርኩ። እኛ ዘንድ ሆድ የምግብ ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ነገር በሆድ ይያዛል፣ ወዳጅ ከወዳጁ ጋር የሆድ የሆዱን ይጫወታል፣ የተጣሉት ደግሞ ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። ፈረንጅ ለልብ ከሰጠው ሥራ ግማሹን እኛ ለሆድ ነው የሰጠነው አልኳት። ከዚያ የእናትና የአባቷን መጠሪያ ጠየቅኳት። አባቷ እናቷን «ፓምፕኪን» ነው የሚሏት፤ ዱባ ማለት ነው። መሳቅ ተራው የኔ ሆነ። ፈረንሳዮችም «የኔ ጎመን» እንደሚባባሉ በኋላ ሰማሁ፤ ዱባና ጎመን ካለ የኛ ሆድ ምን አጠፋ?

ስለዚህ ነገሩ የሀገር አይደለም። የቁልምጫ ስም ከውጭ ሆኖ ለሚሰማው ሁልጊዜ ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽም ያስቆጣል። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ አይወዱትም። «ሳይንፌልድ» የተባለው ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በ1995 በታየ አንድ ክፍሉ ላይ ጄሪና ፍቅረኛው «ሽሙፒ» እየተባባሉ ጓደኞቻቸውን ሲያንገሸግሹ ይታያል። ያን ክፍል ሰው የሚያስታውሰው በሾርባ ሻጩ ነው፤ እኔ ግን የጓደኞቻቸው ፊት ነው የማይረሳኝ፤ የእኛ የገና ጠረጴዛ ማለት ነው። እዚህ ሚኒሶታ ደግሞ ስለ ኦሌና ሌና የሚወራ የስካንዲኔቪያኖች የቆየ ቀልድ አለ፤ ኦሌ ሚስቱን ሌናን ከመውደዱ የተነሳ አንድ ቀን ሊነግራት ምንም አልቀረውም ነበር ይባላል። መጀመሪያ ስሰማው ደብረ ማርቆስ ያለው አባቴን የሚያውቅ ሰው የፈጠረው ነበር የመሰለኝ።

ታዲያ ጠረጴዛው ላይ ያበሳጨን ምን ነበር?

እዚሁ ሴንት ፖል፣ በሴንት ቶማስ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ ያስተማሩ ካሮል ብሩስ የተባሉ የኮሙኒኬሽን ምሁር አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከጁዲ ፒርሰን ጋር ሆነው ባልና ሚስት በመካከላቸው ስለሚፈጥሯቸው ቃላት፣ የቁልምጫ ስሞችን ጨምሮ፣ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። በትዳራቸው የረኩ ሰዎች እንደዚህ ያለ የግል ቋንቋ በብዛት እንዳላቸው ነው ያገኙት። ይሄን ያነበበ ሰው «በሉ እንግዲህ ሁላችሁም ቤቢ ተባባሉ» ሊል ይችላል። እኔን የያዘኝ ግን «በመካከላቸው የሚፈጥሯቸው» የሚለው ነው። የግል ቋንቋ ለሁለት ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። «ቤቢ» ግን የተገኘው ከመደርደሪያ ላይ ነው፤ ለማንም ይሆናል። ያን ቃል ደግሞ በስምንት ሰው ጠረጴዛ ላይ ደጋግማችሁ ስትሉት እኛ ስድስታችን ሳንጠየቅ ተመልካች ሆነናል። ቲያትር ለማየት ትኬት አልቆረጥንም። የማስቲካው ልጅ የተናገረው ከዚህ አይርቅም።

ይሄ ግን ቀላሉ ብስጭት ነው። ተነስተህ ቡና ስታመጣ ያልፍልሃል። የማያልፈው ሌላ ዓይነት አለ።

አንድ እራት ላይ ስለ ታክስ ይወራል። በሙያዋ የሒሳብ ባለሙያ የሆነች ሴት ስለ ተማሪዎች ታክስ አሞላል እያስረዳችን ነው። ባሏ ጣልቃ ገባና ፈገግ ብሎ «አይ የኔ ቆንጆ፣ እሱ እንኳ እንደዚያ አይደለም» አለ። ቀጥሎም ተሳስቶ አስረዳን። እሷ ዝም አለች። እስቲ አስቡት፤ «ተሳስተሻል» ቢላት ኖሮ መልስ ነበራት። ወረቀቱን አውጥታ ታሳየው ነበር። «የኔ ቆንጆ» ላለ ሰው ግን ምን ይመለሳል? የተቆጣች ሁሉ «ምን አደረጋት? ቆንጆ ነው ያላት» ይባልባታል። ቃሉ ክዳን ሆኖ ነው የመጣው። ድስቱ ውስጥ ያለው «ዝም በይ» ነው፤ ከላይ የተከደነው «የኔ ቆንጆ»። ትዕዛዝም እንደዚሁ ይታሸጋል። «ማሬ፣ እንግዶቹ ሻይ ይፈልጋሉ መሰለኝ» ሲባል ማሯ ከሶፋው ትነሳለች፤ ተናጋሪው እግሩን እንዳነባበረ ነው። ከእናንተ መካከል የቁልምጫ ስም ያንገሸግሸኛል የምትሉ ሴቶች ብዙ ናችሁ። እኔ ስገምት ብዙዎቻችሁ የጠላችሁት ማሩን ሳይሆን ከማሩ ጋር የመጣውን ሻይ ነው።

«የድሮው ይሻል ነበር፤ መከባበር ነበረ» የሚሉም አሉ። አያቴ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «አንቱ» ነበር የምትለው፣ ለሰው ስታወራ «እሳቸው»። እሱ ደግሞ «አንቺ» ይላታል። ሲያገቡ አማቷ አዲስ ስም አውጥታላት ስለነበር የባሏ ዘመዶች ሁሉ የሚጠሯት በዚያ ነው፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም እኔ የሰማሁት ለቅሶዋ ላይ ነው። በሌላውም የሀገራችን ክፍል ተመሳሳይ ነገር አለ፤ እንዲያውም ይብሳል። በከምባታ «ባሊሻ» የሚባል ልማድ ነበር። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም መጥራት ቀርቶ በስማቸው የመጀመሪያ ክፍለ ቃል የሚጀምር ሌላ ቃል እንኳ ከአፏ አታወጣም። በዚያ ቃል ምትክ ሌላ መፈለግ አለባት፤ በየቀኑ፣ በየዓረፍተ ነገሩ። ኢቮን ትሪስ የተባሉ የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 በዝርዝር ጽፈውበታል፤ በሲዳማም ይሄው ልማድ ተጠንቷል። እነዚያ ሴቶች ምን ያህል የቋንቋ ሊቆች እንደነበሩ ሳስብ ይደንቀኛል። መከባበር መሆኑንም አልክድም። ግን አንድ ወገን ብቻ የሚያከብርበት መከባበር ነው። ለምራት ሲል ቃል የሚመርጥ አማት አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ሲደርስ ለገናዎቹ ባልና ሚስት ጥብቅና ልቆም ነው። ጓደኛዬ ከቆጠረቻቸው አስራ አራት «ቤቢ»ዎች ስድስቱ የእሷ ነበሩ፤ ስምንቱ የእሱ። ቃሉ ከመደርደሪያ የተነሳ ቢሆንም ሁለቱም እኩል ነው የሚለብሱት ማለት ይቻላል። አያቴ ይሄን አላገኘችም።

ኮሌጅ ሳለሁ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ፣ ነርሲንግ ሆም ሠርቻለሁ። ሥልጠናው ላይ በመጀመሪያው ቀን የተነገረን አረጋውያኑን «ሀኒ» ወይም «ስዊቲ» እንዳንላቸው ነው፤ ምን ተብለው መጠራት እንደሚፈልጉ ጠይቁ ተባልን። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ እኛ ሀገር ለሽማግሌ «አባባ» ማለት ምን ክፋት አለው? በኋላ ገባኝ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። የሥራ ባልደረባዬ «ስዊቲ፣ ክንድሽን አንሺልኝ» ስትላቸው ክንዳቸውን ይበልጥ ያጣብቃሉ፤ በስማቸው ስትጠራቸው ያነሳሉ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን እንደ ሕፃን ሲያነጋግሯቸው እንክብካቤውን አንቀበልም ማለታቸው እንደሚጨምር አሳይተዋል። ከመምህርቷ ቀጥሎ ባለው ክፍል ያሉት ሰውዬ ደግሞ የልጅነት የቁልምጫ ስማቸውን ራሳቸው ነግረውን በእሱ ካልጠራናቸው ይቀየሙ ነበር። ስሙ ላይ የመጨረሻው ቃል የተጠሪው ነው። ይሄን ያስተማረኝ በሰዓት የሚከፈል የሌሊት ሥራ ነው እንጂ ክፍል ውስጥ የተማርኩት አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። እስካሁን በሌላ ሰው ስፈርድ ነበር።

ባሌ ወደ ሴንት ፖል የመጣው በአምስት ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ይናገራልም፤ ግን አማርኛው የወጥ ቤት አማርኛ ነው። ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ለጋሼ ሰላም በል። ስንጋባ ነው ያስተዋልኩት፤ የሚያውቃቸው የአማርኛ ግሦች አብዛኞቹ ትዕዛዝ ናቸው። እናትና አባት በልጅ ፊት የፍቅር ቃል አይለዋወጡማ! ከየት ይማረው? በእንግሊዝኛ ነው ያፈቀረው፣ በእንግሊዝኛ ነው ያዘነው። «ቤብ» ሲለኝ ከመደርደሪያ እያነሳ አይደለም፤ ያለው ቃል እሱ ነው።

በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት አንድ ማታ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ በሩን ከፈተልኝና «ሆዴ፣ መጣሽ?» አለኝ። ከዘፈን የያዘው መሆን አለበት። «ዴ»ውን ሳብ አድርጎ፣ ልክ ማይክ እንደያዘ ሰው ነው ያለው። በሳቅ ፈረስኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው የሳቅኩት። ያ ሳያንሰኝ በማግስቱ ለጓደኛዬ ስልክ ደውዬ አወራሁ፤ አነጋገሩን እየኮረጅኩ። እሱ ሳሎን ነበር። መስማቱን ያወቅኩት ስወጣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ስላየሁት ነው።

«ሆዴ» ዳግመኛ ብሎኝ አያውቅም።

እኔ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ «ቤብ አትበለኝ፤ ይከነክነኛል» አልኩት። በግሪን ላይን ባቡር ከካምፓስ ወደ ቤት እየተመለስን ነበር። ተቆጥቶም አይደለም፣ ዝም ብሎ በመስኮቱ ዩኒቨርሲቲ አቬኑን እያየ «ታዲያ ምን ልበልሽ?» አለኝ በአማርኛ። እስክንወርድ ድረስ መልስ አላገኘሁም። ምን ብዬ ልመልስ? አንዱን በር በሳቄ ዘጋሁ፤ ሌላውን በማማረሬ። የከነከነኝ «ቤብ» አልነበረም። «ቤብ» ባለኝ ቁጥር የዚያን ማታ ሳቄ ነው የሚታወሰኝ።

ይሄ የኔ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሔት ላይ አላወጣውም ነበር። ግን ማኅበራችን ውስጥ አንዱ እዚያ ያደገ፣ ሌላው እዚህ ያደገ ሆነው የተጣመሩ ስንት አሉ? በየዝግጅቱ እዚህ ያደጉ ልጆች አማርኛ አይናገሩም ብለን እናማርራለን። ሲናገሩ ደግሞ አነጋገራቸውን እየኮረጅን እንሳሳቃለን፤ ቪዲዮ ሁሉ ይሠራበታል። አንድ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ለምግብ ማዘዝ ቢሳሳት ሽሮ ሲጠብቅ ጥብስ ይመጣለታል፤ በልቶት ይሄዳል። የፍቅር ቃል ተሳስቶ የተሳቀበት ሰው ግን ሁለተኛ አይሞክርም። «የፈረንጅ ኮተት» ያለው ልጅ ይሄን ቢያስብበት ደስ ይለኛል፤ ኮተቱን ጥለው በባዶ እጃቸው እንዲቆሙ ካልሆነ በስተቀር ምን ሰጠናቸው?

ባሌን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ቤት ውስጥ «ቤብ» ይበለኝ፣ ሰው ፊት ግን በስሜ ይጥራኝ ተባብለናል፤ እስካሁን አላፈረሰውም። «ሆዴ»ን ግን እየጠበቅኩት ነው። አንዳንዴ እኔ እለዋለሁ። ፈገግ ይልና በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል።

ባለፈው ክረምት እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ሁለት ወር ቆይታ ነበር። ቃላችን አይፈርስም ብዬ የነበረው እናቴ ፊት ተረሳና አንድ ጠዋት «ቤብ፣ ቁልፌን አይተሻል?» አለ። ሲወጣ ጠብቃ «ቤብ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሕፃን ማለት ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ማናችሁ ናችሁ ሕፃኑ?» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

እኔም ድፍረት አገኘሁ። አባቴን ሰው በሌለበት ምን ብላ እንደምትጠራው ጠየቅኳት። በዕድሜዬ ሙሉ ከአፏ የሰማሁት «እሳቸው» ብቻ ነው፤ «እሳቸው መጡ»፣ «እሳቸው በልተዋል»። ቢላዋውን አስቀምጣ አየችኝ። ሽንኩርት ነው እንዳልል ፊቷ ቀልቷል።

«ሂጂ ወዲያ!» አለችኝ። «እሱን ለራሱ ለአባትሽ ደውዪና ጠይቂው።»

«ጠይቂው» ነው ያለችው። «ጠይቂያቸው» አላለችም።